የአንተነህ ተራ

ባለፈው ሐምሌ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የቡሬን አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናቡ ድንገት ወረደና ሰው ሁሉ ከአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጨናነቀ። ከጎኔ ሁለት የቅኔ ተማሪዎች መጥተው ቆሙ። የለበሱት ደበሎ፣ ያው የበግ ቆዳው፣ ውኃ ጠግቧል። የረጠበ ደበሎ ሽታ ላልለመደው አይመችም፤ ጭስ ጭስ፣ ላብ ላብ፣ ያደረ እንጀራ እንጀራ ይላል። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ፈንጠር ሲሉ እኔ ወደ ልጆቹ ተጠጋሁ። አንደኛው “አባባ፣ ልብስዎ እንዳይበላሽ” ብሎ ሸሸት አለልኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ሰዉ እየተጋፋ ሲገባ ትኬቴን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ መናኸሪያውን ዞርሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ባጃጁ እየጮኸብኝ ሦስተኛ። ልጄ ከቡሬ ደውላ የት ደረሱ ብትለኝ መንገድ ላይ ነኝ አልኋት። ዋሸሁ ለማለትም ይቸግረኛል።

እኔ እንደ እነዚያ ልጆች ደበሎ ለባሽ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም የሚባል ስም ገና አልወጣም፤ አገሩን ወጀት ነበር የምንለው። ጣሊያን የገባበት ዘመን ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አጥርቼ አልነግራችሁም፤ የማስታውሰው አቡጀዲ በማር ይለወጥ እንደነበር፣ ለአንድ አሞሌ ጨው ሁለት የደለቡ ዶሮዎች ይጠየቁ እንደነበር ነው። ቡሬ ላይ ጣሊያን ሰፍሯል፤ ገጠሩ በአርበኞች እጅ ነው። ዛሬ ቡሬ ስገባ ፎቁንና የከባድ መኪናውን ሰልፍ አያለሁ፤ ዓይኔ ግን ያችን የድሮዋን ማዕዘን ይፈልጋል። ትልቅ ዋርካ ነበረ፤ ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ይሰፋል፤ ከፊት ለፊቱ የአንድ የመናዊ ሱቅ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ባለ አበባ ሻሽ፣ ክብሪት፣ መርፌ፣ የጣሳ ዘይት። ከሱቁ ውስጥ ሸክላ ይዘፍናል፤ ዘፋኟ በማናውቀው ቋንቋ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አይለይም። ጎረምሳ ሁሉ የጣሊያንን ካኪ እየረገመ በካኪ የተሰፋ ባት ተሁለት፣ ያን ባት የሚያጠብቅ ሱሪ፣ ይመኝ ነበር። እኔም ተመኝቻለሁ።

እኔ ልየው እባላለሁ። በዚያ ዘመን አሥራ ሰባት ወይ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከቡሬ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ጥድና ዋንዛ በከበበው አንድ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። የዛሬ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲል የሚኮራበትን ያህል እኛም በቅኔ ቤት እንኮራ ነበር፤ ለእኛ ከዚያ በላይ ትምህርት የለም። ተማሪው ጠዋት የኔታ ዘንድ ተራውን ጠብቆ ቅኔውን ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ። ከሰዓት በኋላ ከመንደር ቁራሽ ይለምናል፤ የቀረውን ጊዜ ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የነገውን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት በልቡ ያዘጋጃል። የኔታ በእውቀታቸው የታወቁ፣ ዓይናቸው ግን የደከመ ሰው ነበሩ። ፀሐይና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ስለዚህ ዓይናቸው እኔ ሆንሁ። አስነጋሪ አሉኝ፤ ታናናሾቹን የግዕዝ ግሥ አስገስሳለሁ፣ ተራ እሰጣለሁ፣ ማን እንደቀረና ማን እንዳጠፋ እነግራቸዋለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ጨርሶ ሳይናገር እንደሚውል የምወስነው እኔ ነኝ። ያችን ታህል ሥልጣን ሰው ምን እንደምታደርገው ያየሁት በራሴ ላይ ነው። መጀመሪያ ውኃ የሚቀዳልኝ አገኘሁ። ቀጥሎ የለመነውን ቁራሽ ቀድሞ ለእኔ የሚያቀርብ። ቀጥሎ ስቆጣ የሚንቀጠቀጥ። ሲንቀጠቀጥ ደስ ማለት ሲጀምረኝ፣ የማደርገው ሁሉ ለትምህርቱ ሥርዓት ነው እያልሁ ለራሴ እነግረው ነበር።

አንተነህ የመጣው መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሳይደርቅ ነው። አገሩ ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ በታች ካለ ቀበሌ ነው። እናቱ አገው ስለሆነች አማርኛው ትንሽ ይሰበራል፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ የሴት የሚመስሉ ልጅ ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ተምሮ ስለመጣ ብራና ላይ ሲጽፍ ፊደሉ ተሰልፎ የቆመ ሰው ይመስላል። በመጣ በሳምንቱ ጉባኤ ቃና ሊናገር ተነሣ። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ለጀማሪ የምትሰጥ። ሲጨርስ የኔታ ወደ ድምፁ ዘወር አሉ። ከዚያ “ድገማት” አሉት። ደገማት። “ይበል” አሉና የማያየውን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ እዚያ ቤት አራት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ “ድገማት” ተብዬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሠራሁትን በዝርዝር መናገር ያስጠላኛል፤ ግን ሳልናገር ብቀር ይብሳል። ንግግሩን እየደገምሁ ተማሪውን አሳቅሁበት። ሲናገር ቀድመው እንዲስቁ አስለመድኋቸው፤ እኔ ባልኖርበት እንኳ ይስቁ ጀመር። ለልመና ውሻ ወደሚበዛበት መንደር እሱን እልካለሁ፤ ባቱ ላይ የተነከሰው ቁስል ሳይደርቅ መልሼ እልከዋለሁ። ጎጆውን የከደነበትን ሣር አስነቅዬ ለሌላ አስከደንሁ። ከሁሉ የከፋው ግን በተራው ያደረግሁት ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ አደርገዋለሁ፤ እሱ ጋ ሲደርስ “የኔታ ደክሟቸዋል፣ ለነገ” እላለሁ። ቆጥሮ ያደረው ቅኔ አፉ ውስጥ እንዳለ ይመለሳል። በሳምንት አንድ ቀን ቢናገር ነው። የኔታ “ያ የሰከላው ልጅ ምነው ጠፋ?” ሲሉኝ፣ ሰነፍ ነው፣ ጫካ ሄዶ ይተኛል አልኋቸው። አንተነህ አንድም ቀን አልከሰሰኝም። ይህም አናደደኝ።

በዚያ ሰሞን የቡሬ አንድ ዲያቆን ለክብረ በዓል ወደ ደብራችን መጣ። ለጣሊያኖች ስም ይመዘግብላቸዋል ይባል ነበርና ሰው አልቀረበውም፤ እኔ ቀረብሁት። ከኪሱ አንዲት እርሳስ አወጣ፤ ጫፏን በምላስ ሲያርሷት ሐምራዊ ትጽፋለች። መዳፌ ላይ ስሜን ጻፈልኝ። ልየው። እንዳይጠፋብኝ ሰሞኑን እጄን ሳልታጠብ ከረምሁ። ያችን እርሳስ ካላገኘሁ የምሞት መሰለኝ። የምትገኘው ከየመናዊው ሱቅ ነው። ነገር ግን አርበኞቹ ከገጠር ማንም ሰው ወደ ቡሬ ገበያ እንዳይወርድ አዋጅ ነግረዋል፤ የወረደ ለጠላት ወሬ አቀባይ ነው። ተማሪ ደግሞ በየደጁ ስለሚዞር ቀድሞውንም ይጠረጠራል። እኔ መሄድ ፈራሁ። እናቴ የላከችልኝን አንድ ቅል ማር ይዤ አንተነህን ከጫካው ጠራሁት።

“ይችን ይዘህ እርሳሷን ካመጣህልኝ ተራህን ወደ ፊት አደርግልሃለሁ። እምቢ ካልህ እስከ ፋሲካ የኔታ ድምፅህን አይሰሟትም” አልሁት።

ማሩን አየ፤ እኔን አየ። “አዋጁስ፣ አያ ልየው?” አለኝ። እኔ አለሁልህ አልሁት። እንዲህ ነው ያልሁት፤ እኔ አለሁልህ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እርሳሷን በደበሎው ሸሽጎ መጣ። ስለ ቡሬ ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። የሚዘፍነውን ሸክላ፣ ካሚዮኑ ሲመጣ ኮርቻ ሰፊው ሽማግሌ መርፌውን ጥሎ እንዴት እንደሮጠ፣ ሁሉን እየተነሣ እየሠራ አሳየኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ዋንዛው ሥር ተቀምጠን እንደ ጓደኛ ያወራነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ልጁን ወደድሁት ማለት ይቻላል። ቃሌንም አከበርሁ፤ ጠዋት የመጀመሪያውን ተራ ለእሱ ሰጠሁት። የኔታ ሁለት ጊዜ ይበል አሉት። እኔም አልተናደድሁም፤ እርሳሷ መቀነቴ ውስጥ ነበረቻ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከአንዱ ጥድ ሥር ጉባኤ ላይ ሳለን፣ ስድስት አርበኞች ጠመንጃቸውን አንግተው ቅጥሩን ገቡ። አለቃቸው ቀኛዝማች ውበቱ የሚባል፣ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የኔታን ጉልበት ስሞ ተቀመጠና ነገሩን አመጣ። ከእናንተ ዘንድ አንድ ተማሪ ሐሙስ ዕለት ቡሬ ገብቶ ከሱቅ ሲወጣ ታይቷል፤ ቅዳሜ ደግሞ ጣሊያን ሳይታሰብ መጥቶ ሦስት ሰው ገድሎብናል፤ ልጁን እፈልገዋለሁ አለ። ቀጭን፣ ረጅም ነው ብለውኛል ሲል የሁላችንም ዓይን አንተነህ ላይ አረፈ። ቀኛዝማች ማን እንደላከው ጠየቀው። አንተነህ አልመለሰለትም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የሚለምን አስተያየት አልነበረም፤ የሚጠብቅ አስተያየት ነው። እንድናገር ጊዜ እየሰጠኝ ነበር።

ቀኛዝማችም የተማሪው አለቃ እኔ መሆኔን ሰምቶ ኖሮ ወደ እኔ ዞረ። “አንተ ታውቀዋለህ?” አለኝ።

“መውጣት መግባቱን አናውቀውም” አልሁ። ይህ ሳይበቃኝ ጨመርሁ። “ንግግሩም ከእኛ አይደለም።”

ተማሪዎቹ ሳቁ። ካስለመድኋቸው የመጣ ሳቅ ነው፤ የሳቁት ሳያስቡ ነው፤ ወዲያው አንገታቸውን ደፉ። አንተነህን እዚያው የፊጥኝ አሰሩት፤ ክንዶቹ ከኋላው በጠፍር ሲጠብቁ አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። የኔታ ተነሥተው “ልጁን ተዉልኝ፣ እኔ ልጠየቅበት” ቢሉም ቀኛዝማች፣ የሞቱብኝን ምን ልበላቸው ብሎ ጉልበታቸውን ዳግመኛ ስሞ ሄደ።

በማግሥቱ የኔታ እንደወትሮው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። “ተራው የማን ነው?” አሉኝ። ስለለመድሁ የሌላ ልጅ ስም ጠራሁ። “አይደለም” አሉ። “ትላንት የአንተነህ ነበር፤ አልተናገረም። እሱ ሳይናገር የማንንም አልሰማም።” ጉባኤው ፈረሰ። ዋልሁ አይባልም፤ ዞርሁ። ጫካውን፣ ቅጥሩን፣ ምንጩን ዞርሁ። ቁራሽ ለመለመን ወጥቼ ደጅ ደርሼ ሳልለምን ተመለስሁ። ብናገር ይገድሉኛል እላለሁ፤ ደግሞ እስካሁን ሞቶ ከሆነ ብናገር ምን ይረባል እላለሁ፤ ይህችን ሁለተኛዋን ሐሳብ ሳስብ ቀለል ሲለኝ ራሴን ፈራሁት። በሁለተኛው ቀን የኔታ ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ አሉ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ሳይጠይቁ እግራቸው ላይ ወደቅሁና ማሩንም፣ እርሳሷንም፣ ሰነፍ ነው ያልሁትንም ሁሉ ነገርኋቸው።

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ያሰርሁት እኔ ነኝ?” አሉ። በትራቸውን ዳስሰው ያዙና ጫፉን ወደ እኔ ዘረጉ። “ምራኝ።”

አርበኞቹ የሰፈሩበት ቆላ ለእግረኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በየኔታ እርምጃ ግን ጠዋት ወጥተን የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። በትሩን ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሳቸው ይዘን ቁልቁለቱን ወረድን። ቀኛዝማች ፊት ቆሜ እርሳሷን ከመቀነቴ አወጣሁና የላክሁት እኔ ነኝ አልሁ። ተቀብሎ ገለባበጣት። ለዚህ ነው? አለ፤ ደገመው። የእኔንም ቅጣት ለየኔታ ተወላቸው፤ ልጁ የእርስዎ ነው፣ እርስዎ ይፍረዱበት ብሎ።

አንተነህን ከዋሻ አወጡት። ጀርባው ተገርፏል፤ ጀርባ ይድናል። ክንዶቹ ግን ከታሰሩ አልተፈቱም ነበር። ሲፈቱለት ግራው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ጣቶቹ ጠቁረው አብጠዋል። የኔታ ዳስሰው እጁን አገኙ። ያችን እጅ እንደያዙ ከፊቱ ተንበረከኩ። “ዓይኔን ለሌላ ሰጥቼ ጆሮዬም አብሮ ተኛ። የእኔ ጥፋት ነው፤ ማረኝ” አሉት። አርበኞቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። አንተነህ እያለቀሰ ሊያነሣቸው ቢሞክር አንድ እጁ ብቻ ነው የታዘዘለት። እኔም ወደቅሁ፤ እኔን ግን አላየኝም።

የኔታ የፈረዱብኝ ፍርድ ይህ ነው። አስነጋሪነቴን ሻሩ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አስነጋሪ አልሾሙም፤ እያንዳንዱን ራሳቸው በድምፁ ለዩት። እኔ ከሁሉ በኋላ እንድቀመጥ፣ ለአንተነህም እጁ እስኪድን ቁራሽ እየለመንሁ እንዳበላው አዘዙ። እጁ አልዳነም። ስለዚህ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ለመንሁለት። ያን መንደር፣ ውሻ የሚበዛበትን፣ ደጅ በደጅ አወቅሁት። ያገኘሁትን አምጥቼ ከፊቱ አስቀምጣለሁ፤ ይበላል፤ አያመሰግነኝም፣ አይሰድበኝም፣ አያናግረኝም። ቅኔው ግን ጨመረ። ተማሪው ሁሉ እሱ ሲናገር ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ቡሬ ነጻ የወጣች ሰሞን፣ በየመንገዱ ሽለላና ጭፈራ ሲቀልጥ፣ ምግቡን ይዤ ብሄድ ጎጆው ባዶ ነው።

እኔ አስኳላ ገባሁ፤ አስተማሪ ሆንሁ፤ ኋላም ዲሬክተር። ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሜ ስንቱን ተማሪ ሳስፈራራ ኖሬአለሁ፤ አልተለወጥሁም ማለት አይደለም፣ ግን እንዳሰብሁት ያህልም አልተለወጥሁም። ያን ታሪክ ባለቤቴም አልሰማችም። ሠላሳ ዓመት ሲሆነው የኔታ አንተነህ የሚባሉ ታላቅ መምህር ሰከላ ጉባኤ ዘርግተዋል ሲሉ ሰማሁ። ለግሽ ዓባይ ጠበል ነው ብዬ ከቤት ወጣሁ። ደርሼ፣ እንደ አገራችን የይቅርታ ወግ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ “ቤቶች” ብዬ ከደጁ ተንበረከክሁ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጁ ከጋቢው ውስጥ ነው።

በድምፄ ለየኝ። “ያውርዱት፤ ድንጋዩ ምን ያደርግልኛል” አለኝ። እንደማያውቁት እንግዳ እርስዎ እያለ አስገባኝ፣ አበላኝ፣ አስተኛኝ። ይቅርታውን ስጠይቀው ግን፣ ነገ ጠዋት ለተማሪዎቼ ይንገሩልኝ አለ።

ጠዋት ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ፊት አቆመኝ። “በጣሊያን ጊዜ አንድ ልጅ ወደ ቡሬ ተላከ። ከዚያ ተጠረጠረና ታሰረ” ብዬ ጀመርሁ።

“ማን ላከው?” አለ አንተነህ።

ቅኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ግሥ ስንገስስ እንውል አልነበር፤ እሱ፣ አንተ፣ እኔ እያልን። እኔ ያን ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቤ ስመላልሰው፣ ተላከ፣ ታሰረ፣ ተገረፈ እያልሁ ኖሬአለሁ። ላኪ የለበትም፤ ካጅ የለበትም። እንደገና ጀመርሁ። ላክሁት አልሁ። አየኝ፤ ዝም አልሁ። ካድሁት። ሳቅሁበት፤ አሳቅሁበት።

ስጨርስ ከፊት የተቀመጠ አንድ ደበሎ ለባሽ ጎረምሳ እጁን አነሣ። “አባቴ፣ የኔታዎ ጉባኤውን ባያጥፉ ኖሮ፣ በራስዎ ሄደው ይናገሩ ነበር?” አለኝ።

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንተነህ ያኔ አርበኞቹ ፊት እንዳየኝ ያየኛል።

“አላውቅም” አልሁ። “የምናገር አይመስለኝም።”

አንተነህ ከጋቢው ውስጥ ደህናውን እጁን አወጣና ከጎኑ ያለውን ባዶ መደብ መታ መታ አደረገ።

“ልየው” አለኝ፤ “ና ተቀመጥ። ቆመህ ደከመህ።”